ስኳር በሽታ፦ ስሙ ስለ ስኳር፣ ጉዳዩ ግን ስለ እንጀራ

ጾም በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመለሳል። ስኳር ያለበት ሰው መጾም ይችላል ወይ? ጤፍ ስኳር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው የደም ስኳሩ እንዴት 280 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ይለካል? መልሱ ደግሞ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። ቲክቶክ ላይ አንዱ «ጤፍ ለስኳር መድኃኒት ነው» ይላል፣ ሌላው እንጀራ የሚባል ነገር አትንኩ ይላል፣ ጎረቤት አብሽ ያዛል፣ ወረፋ የበዛበት ሐኪም ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ምግብህን አስተካክል» ብሎ ይሸኛል። ምግብን ማስተካከል ማለት ግን ምን ማለት ነው? አብዛኛው ሰው ቤቱ ገብቶ መሶቡ ፊት ሲቀመጥ መልሱን አያውቀውም።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ይመስለኛል። በአማርኛ በሽታውን «ስኳር» ብለን ነው የምንጠራው። ስሙን ስንሰማ ትዝ የሚለን ከሱቅ የምንገዛው ነጩ ስኳር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሻይ ስኳሩን ካቆመ የድርሻውን የተወጣ ይመስለዋል። ደም ውስጥ የሚለካው ስኳር ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከገንፎው፣ ከፓስታውና ከድንቹ ነው። እነዚህ ምላስ ላይ እንደ ስኳር አይጣፍጡም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥራቸውም።

ከጉሮሮ በታች የሚሆነው

እንጀራም ዳቦም በብዛት የተሠሩት ስታርች ከሚባል ነገር ነው። ስታርች ማለት ብዙ ግሉኮስ እርስ በርሱ ተያይዞ የሠራው ረጅም ሰንሰለት ነው። ግሉኮስ ደግሞ መለኪያው ማሽን «ስኳር» ብሎ የሚቆጥረው ያው ነገር ነው። አንጀት ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል፣ ግሉኮሱ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል። ኢንሱሊን ሁለት ሥራ አለው። ጡንቻና ስብ ግሉኮሱን ከደም እንዲወስዱ ያደርጋል፣ ጉበትም በበኩሉ ግሉኮስ እያመረተ ወደ ደም እንዳይለቅ ይቆጣጠራል።

ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ አይነገርም። «ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት እንዴት 180 ሆነ?» ለሚለው መልሱ ግን እዚያ ነው ያለው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ጉበት ትእዛዙን መስማት ሲያቆም፣ ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ሲለቅ ያድራል። ሰውየው ተደብቆ አልበላም። ቤተሰብ «በልተህ ነው» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይህን ቢያውቅ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ዓይነቶቹም ይለያያሉ። ዓይነት 1 የሚባለው የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይቻልም። ዓይነት 2 ላይ ኢንሱሊን አለ፣ ግን ሰውነት በደንብ አይታዘዘውም፣ ቆሽትም ከዓመታት በኋላ ይደክማል። በዓለም ላይ አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ ይህኛው ያለበት ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚከሰትም አለ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» የሚባል ጨመረ። ይህ ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ በልጅነት፣ በምግብ እጥረት ካለፉ ቀጫጭን ሰዎች ጋር የሚያያዝ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ተመሳሳይ ምድብ ነበረው፣ በ1999 ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሎ አወጣው። አሁንም ባለሙያዎች እየተከራከሩበት ነው። አንዱ ወገን ራሱን የቻለ በሽታ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ስም እየተጠሩ እንዳይሆን ይሰጋል። ረሃብ ደጋግሞ ላየ አገር ክርክሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውን ወሬ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ክሊኒክ የሚመጣ ቀጭን ገበሬም ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው።

የእንጀራው ሂሳብ

100 ግራም እንጀራ ውስጥ በግምት 30 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ። ካርቦሃይድሬት ስኳርንና ስታርችን አንድ ላይ የሚጠራ ስም ነው። ምጣዱን የሞላ አንድ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን 90 ግራም አካባቢ ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከቡናው የቀነሰ ሰው 12 ግራም ቀነሰ፣ ከዚያ አንድ ተኩል እንጀራ ሲበላ ከ130 ግራም በላይ አስገባ። ስኳሩን ማቆሙ ጥሩ ነው፣ ጠቅሞታል። ግን ትልቁ ክምር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ታዲያ ጤፍ ይቅር? እዚህ ላይ ሁለቱም ጫፍ የተሳሳተ ይመስለኛል። ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ አሰር (ፋይበር) አለው፣ ብረትና ካልሲየምም አለው፣ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል። ግን ስታርቹ ስታርች ነው። ምግብ የደም ስኳርን በምን ያህል ፍጥነት ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳየው መለኪያ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ይባላል። በጤፍ ምግቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በዚህ ላይ የተራራቀ ውጤት ነው ያላቸው፣ አንዳንዱ ዝቅተኛ ይለዋል፣ አንዳንዱ ከፍተኛ። ዱቄቱ፣ የተቦካበት ጊዜ፣ የተቀላቀለው እህልና አጋገሩ ሁሉ ለውጥ አላቸው። ስለዚህ «የጤፍ ነውና አይጨምርም» ብሎ ሁለት መብላት ራስን ማታለል ነው። በሌላ በኩል እንጀራን ጨርሶ ከልክሎ ሰውን ወደ ነጭ ዳቦና ሩዝ መላክ ምንም አያተርፍም። ገበያ ላይ የሚሸጠው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሩዝ ወይም ሌላ እህል የተቀላቀለበት ነው፣ አሜሪካና አውሮፓ ያለውም ስንዴና ገብስ ይገባበታል። ነጭ ሆኖ ለዓይን ሲያምር የተቀላቀለውን መጠየቅ ጥሩ ነው።

የሚያዋጣው መጠኑንና አብሮት የሚበላውን መለወጥ ነው። ግማሽ እንጀራ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ወጡ ደግሞ በዛ ያለ። ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽሮ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ግሉኮሱ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። ጎመንና ሰላጣ መጀመሪያ ተበልቶ እንጀራው ወደ ኋላ ሲሆን ከምግብ በኋላ የሚመጣው ጭማሪ ዝቅ ይላል፣ ይህ በጥናት የታየ ነው። ፍርፍር በእንጀራ ግን እንጀራ በእንጀራ ነው። ከበሉ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ በእግር መሄድም ይሠራል፣ ምክንያቱም የሚሠራ ጡንቻ ያለ ብዙ ኢንሱሊን ግሉኮስ ይወስዳል።

አንድ የኛ የሆነ ችግር አለ። አብረን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻም አለ፣ «እንዴ አልበላህም እኮ» የሚል አክስትም አለች። ከውጭ የተተረጎመ ምክር «ሳህንህን ለአራት ክፈል» ይላል፣ ሳህን ግን የለም። የሚሻለው ከመጀመሩ በፊት የራስን ድርሻ እንጀራ ቆርጦ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ያ ሲያልቅ በማንኪያ ወጥና አትክልት ብቻ መቀጠል ነው። ለቤተሰቡም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፣ ሳይነገር ቢቀር ኩርፊያ ይመስላል።

ማር፣ ጭማቂና ቴምርም የስሙ ሰለባ ናቸው። «ተፈጥሮ ነው» ይባላል። የማር ስኳርም ስኳር ነው። የማንጎ ጭማቂ ከሦስት ማንጎ ተጨምቆ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ማንጎውን እንዳለ መብላት ቢሆን ግን ማንም በአንዴ ሦስት አይጨርስም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት።

ቦታ መቀየር ምን ያህል እንደሚለውጥ ከቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ማየት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ጥናት በወጣት ስደተኞቹ መካከል የስኳር ሕመም ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘገበ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው አኗኗሩ ነው፦ ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ተቀምጦ መዋል፣ ጭንቀት። አዲስ አበባ ውስጥም ያው ለውጥ ባሕር ሳይሻገር እየመጣ ነው።

ጾሙስ?

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። የዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን የስኳር ሕመም ያለ ጾም ማስረዳት የዓመቱን ግማሽ መተው ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ሕመምተኛ ለሐኪሙ እንደሚጾም አይነግርም፣ ሐኪሙም አይጠይቅም።

የጾም ምግቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለስኳር ሕመምተኛ ከሚመከሩት ምግቦች ውስጥ ናቸው። አደጋው ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ (ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚገፋ ክኒን) የዋጠ ወይም ኢንሱሊን የተወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ መድኃኒቱ ሥራውን ይቀጥላል፣ ምግብ ግን የለም። ስኳሩ ይወርዳል። ከዚያ ሲፈታ ደግሞ ተርቦ ስለሚበላ ሽቅብ ይወጣል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ለመውረድ ያለው ዕድል በጣም አነስተኛ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም ሕመምተኛ በአንድ ቃል «ጹም» ወይም «አትጹም» ማለት አያስኬድም።

ብዙ የማይወራ ሌላ ነገር አለ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፣ የጾመኛ ገበታ ላይ ደግሞ እነዚህ የሉም። ሁለቱ ሲገጥሙ እግር መደንዘዝና ማቃጠል ሊመጣ ይችላል። ያ ደግሞ ስኳር ራሱ ከሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን የወሰደ ጾመኛ ይህን ምርመራ ቢጠይቅ አይከፋም።

በረመዳን ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ የተደራጀ መመሪያ አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሌሎች ጋር ባወጣው መመሪያ ሕመምተኛው እንደ አደጋው መጠን ይመደባል፣ ከጾሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ወደ ስሁርና ኢፍጣር ይስተካከላል። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ማፍረስ አለበት። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስም አብዛኞቹ ዑለማዎች ይስማማሉ። ለሁዳዴና ለፍልሰታም በዚህ ልክ የተሠራና በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ምክር ቢኖረን ምን ያህል ሰው ከድንገተኛ ክፍል ይተርፍ ነበር።

ሃይማኖቱ ራሱ የታመመን ሰው አያስገድድም። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ፈቃድ አላት፣ ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅዳል። ግን ለአንዲት እናት ጾምን መተው ከማኅበሩ መለየት ሊመስላት ይችላል፣ ይህን ስሜት ሐኪም ሊያናንቀው አይገባም። የንስሐ አባት ወይም ኢማም ከሐኪሙ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ሰው ይሰማል።

ስኳር መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓት

ስኳር መውረድ የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃብ ይመጣል፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ከዚያ ነገሩ ይምታታበታል። መንገድ ላይ ያየው ሰው የሰከረ ሊመስለው ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ አይደለም፣ የደቂቃዎች ነው።

በዚህ ጊዜ ያ የተፈራው ነጭ ስኳር ሕይወት አዳኝ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት። ካልወጣ መድገም፣ ከወጣ በኋላ ምግብ መብላት። እንጀራ ወይም ቸኮሌት መጀመሪያ መስጠት ጊዜ ያባክናል፣ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፣ ሊታነቅ ይችላል፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከረሜላ ከኪሱ ባይለይ ይመረጣል። በባዶ ሆድ መጠጣትም እዚህ ውስጥ ይገባል፦ አልኮል ጉበትን ስለሚይዘው ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ላይ፣ ይወርዳል።

የቁጥሩ ትርጉም

በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያየ ምርመራ ከተገኘ ስኳር ሕመም ነው። ለብዙ ሕመምተኛ የሚፈለገው ጠዋት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። አውሮፓ ያለ ዘመድ «7 ሆነብኝ» ሲል አዲስ አበባ ያለው ግራ ይገባዋል። እንግሊዝና ስዊድን ሚሊሞል በሊትር በሚባል ሌላ መለኪያ ነው የሚጠቀሙት፣ ወደኛው ለመቀየር በ18 ማባዛት ነው፤ 7 ማለት 126 ነው።

ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚለካው በቀጠሮው ጠዋት ብቻ መሆኑ ነው። ያ ቁጥር የአንድ ጠዋት ወሬ ነው። ከቀጠሮ በፊት ሁለት ቀን ተጠንቅቆ መሄድም የተለመደ ነው። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስለሚያሳይ በሁለት ቀን ጥንቃቄ አይታለልም። ለብዙዎች ከ7 በመቶ በታች ጥሩ ነው፣ ለአረጋውያንና ስኳር ለሚወርድባቸው ትንሽ ላላ ይላል። የደም ማነስ ካለ ግን ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

ቤት ውስጥ ለመለካት ደግሞ ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ያስፈልጋል፣ እሱም ከውጭ ነው የሚመጣው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ የሚደርስበት የዋጋ ጫና ይታወቃል። በየቀኑ አራቴ ተለኩ ብሎ መምከር ለብዙ ቤተሰብ የማይሆን ነው። ጥቂት ስትሪፕ ያለው ሰው በብልሃት ቢጠቀምበት ብዙ ይማራል፦ አንድ ቀን ከምሳ በፊትና ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ያንኑ ምሳ በግማሽ እንጀራ። ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ከማንኛውም የቲክቶክ ክርክር ይልቅ የራሱ አካል ይመልስለታል።

«ኢንሱሊን ከጀመርክ አለቀልህ»

ይህ ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ከየት እንደመጣ ግን መረዳት ይቻላል። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚጀምረው ዘግይቶ፣ ዓይኑ ወይም ኩላሊቱ መጎዳት ከጀመረ በኋላ ነው። ጎረቤት ያየው «መርፌ ጀመረ፣ ዓይኑ ጠፋ» የሚለውን ቅደም ተከተል ነው። ያጠፋው ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው። ኢንሱሊን ሱስም አይደለም፣ ሰውነት ራሱ ሲሠራው የኖረው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ከመወጋቱ በፊት፣ ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ዕድሉ ሞት ነበር።

አብሽ፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድስ? በአብሽ ላይ የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶች መጠነኛ ቅነሳ አሳይተዋል፣ ብዙ አሰር ስላለው ይህ አይገርምም። እንደ ምግብ ቢጠቀሙበት ችግር የለም። ችግሩ መድኃኒቱን ሲተካ ነው። ለጸበልም ያው ነው። እምነቱን ማንም አይነካበት፣ ግን ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን አቁሞ ጸበል ቢገባ በቀናት ውስጥ ደሙ ኪቶን በሚባል አሲድ ይመረዛል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው አፍ ምልክቶቹ ናቸው። ጸበሉን እየተጠመቁ መርፌውን መቀጠል ይቻላል፣ ብዙ አባቶችም ይህን ይመክራሉ።

ኢንሱሊን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም። በረዶ የነካው ይጣላል። የተከፈተው ጠርሙስ ቀዝቀዝ ባለ ቤት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ወይም እንደ አፋርና ጋምቤላ በሚሞቅ ቦታ ሁለት ሸክላ ድስት አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል። ውኃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የሚወጉበትን ቦታም መቀያየር ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ቆዳው ሥር ያብጣል፣ እዚያ የተወጋ መድኃኒት በትክክል አይሠራም።

እግር

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ሰው ሚስማር ረግጦ አይሰማውም። ስለዚህ ማታ ማታ እግርን መታጠብ፣ በጣት መሃል ማድረቅ፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክንድ መለካት። ከሰል ዳር እግር ዘርግቶ መሞቅ ክልክል። ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ይዞ መሄድ፣ በቀትር ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ለደነዘዘ እግር ፍም ነው። ቁስል ከተገኘ ደግሞ «አያመኝም» ብሎ ሳምንት መጠበቅ የለም። የማያምም ቁስል ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ይየው።